ለአክስት ሄርሚኔ የማይነገረው

ለውድ ወንድሜ ለሩፐርት፤

እንደምን ሰነበትክ ወንድም ዓለም? ሚስትህ ኢስሜኒያስ እንዴት ናት? ጉልበቷን ያማት ነበር፣ ተሻላት? ልጆችህ ታዴኦና ትንሿ ሩትስ ደህና ናቸው? እዚያ የዓለም ዳርቻ ላይ ያለው ነፋሳችሁ ዘንድሮም ጣሪያ እየነቀለ ያስቸግራችኋል ወይስ ለእኛ ሐዘን ብሎ ትንሽ ጋብ አለ? እኔ ለክፉ የማይሰጥ ጤና አለኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሥራዬ እሄዳለሁ። የአባባ ነገር ግን ገና ከሆዴ አልወጣም። ባለፈው ትራም ውስጥ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣውን ልክ እንደሱ ወደ ኋላ ገፋ ሲያደርግ አየሁና ሰው ሁሉ እያየኝ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። አንዲት ሴትዮ መሐረብ ሰጠችኝ፤ ሳልመልስላት ወረድኩ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። አነበብኩት፣ አስቀመጥኩት፣ ደግሞ አንስቼ አነበብኩት። አክስት ሄርሚኔ የጻፈችልህን ጠቅሰህ፣ አባባን በሞት አፋፍ ላይ ሳለ የዕድሜ ልክ ልፋትህ ከንቱ ነው ብለሽ ነግረሽዋል ወይ ብለኸኛል። ነግረሽው ከሆነ ለምን፣ ካልነገርሽውስ ስምሽ እንዲህ ሲጠፋ ለምን ዝም ትያለሽ ብለሃል። ከዚያ ወዲህ ስልኬን እንደማታነሳም ልብ ብያለሁ። በስልክ ጠይቀኸኝ ቢሆን እዋሽህ ነበር፤ በጽሑፍ መጠየቅህ በጀኝ። አዎ፣ ነግሬዋለሁ። ዝም ያልኩበትን ምክንያት ግን ከእኔና ከባልደረባዬ ከድራጋን በቀር የሚያውቅ የለም። ዛሬ አንተም ልትሰማው ነው፤ ሰምተህ የፈለግኸውን ፍረድ።

አንተ ገና ጢምህ ሳያበቅል ከአባባ ሥራ ሸሽተህ መርከብ ላይ የወጣህ ሰው ነህና ከሥሩ ልንገርህ። በቤተ ሙከራችን ምድር ቤት ውስጥ ያ ረጅሙ የብረት ቱቦ አለ አይደል? አየሩ በፓምፕ ተመጥጦ የወጣለት ነው። በአንደኛው ጫፍ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን አንድ በአንድ እንለቃለን። መሃል ላይ መንገዱን ለሁለት የሚከፍሉ እጅግ ቀጫጭን ፍርግርጎች አሉ። በወዲያኛው ጫፍ የት እንዳረፉ እናያለን። ቅንጣቱን ምንም ነገር ካልነካው በአንድ መንገድ ብቻ አያልፍም፤ በሁለቱም መንገድ ባንዴ ያልፋል። እንዴት ሆኖ ብለህ አትጠይቀኝ፤ ይኸው ስንት ዓመት ኖሬበት እኔም አልለመድኩትም። ማስረጃው ግን ብዙዎቹ ያረፉበት ቦታ ሲደማመር መጨረሻ ላይ የሚወጡት መስመሮች ናቸው፤ በአንድ መንገድ ብቻ የሚሄድ ነገር እንደዚያ ያለ መስመር አይሠራም። አንዲት የአየር ቅንጣት እንኳ በመንገድ ላይ ከነካችው ግን አለቀ። በየት በኩል እንዳለፈ ወሬውን ይዛ ትሄዳለች። ወሬው ከወጣ መስመሮቹ ይጠፋሉ፤ ቅንጣቱም እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ ጨዋ ሆኖ ባንድ በኩል ያለፈ ይሆናል። አባባ ተማሪዎቹን «ዓለም እንዲህ ረግታ የምትታየን ወሬኛ ስለበዛባት ነው» እያለ ያስቃቸው ነበር።

ታዲያ የአባባ ጥያቄ፣ ወሬኛ ጨርሶ ባይኖርስ የሚል ነበር። ቅንጣቱን እያከበድን፣ እያከበድን ብንሄድ፣ ማንም እስካልነካው ድረስ ሁልጊዜ በሁለት መንገድ ያልፋል ወይስ ተፈጥሮ ራሷ «በቃ፣ ከዚህ ወዲያ አንዱን ምረጥ» የምትልበት ክብደት አለ? አባባ አለ ባይ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ አለ፣ አለ ሲል ኖረ። ሌሎቹ «ኦትማርና ወሰኑ» እያሉ ተዘባበቱበት። በየስብሰባው አዳራሽ እሱ ሊናገር ሲነሳ ሰዎች ቡና ሊጠጡ ይወጡ ነበር። እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፤ ያን ጊዜ ያቃጠለኝ ንዴት ዛሬም አልበረደልኝም።

በመከር ሕመሙ ጠና። ሐኪሙ ቤት ይቀመጥ ቢልም አባባ እንደሆነ ታውቀዋለህ፣ ግትር ነው። ከባዶቹ ቅንጣቶች የሚለቀቁት ከሰዓት በኋላ ነበርና፣ «ልጆቼ ሲያልፉ ካላየሁ አልሞትም» ብሎ አስቸገረ። አክስት ሄርሚኔ በየቀኑ በትራም ደግፋ ታመጣዋለች፣ ወንበሩ ላይ ታስቀምጠዋለች፣ ብርድ ልብስ ታለብሰዋለች፣ ከዚያ እኛን መስደብ ትጀምራለች። ምድር ቤቱን ሆን ብለን ነው የምናቀዘቅዘው። እሷ ግን፣ «ወንድሜን እዚህ ጉድጓድ ውስጥ በረዶ ልታደርጉት ነው? እናንተ ተማርን የምትሉ ሰዎች ብርድ አይሰማችሁም?» ትለናለች። አንድ ቀን የስፌት ክፍሏን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በገበያ ቦርሳ ይዛ መጥታ፣ ማንንም ሳታስፈቅድ ከወንበሩ ጀርባ፣ ከቱቦው እግር አጠገብ ሰካችው።

ሕጋችን አይፈቅድም። ድራጋን ሊነቅለው ጎንበስ ሲል አባባ፣ «ተዋት ባክህ፣ መጀመሪያ መለኪያውን እይ» አለው። ድራጋን በቱቦው ውስጥ የቀረውን አየር የሚለካውን መሣሪያ አየ። ንቅንቅ አላለም። በማግስቱም አየ፤ ያው ነው። በቃ፣ ተውነው። ማንም ሌላ ሰው ቢሆን እጁን ቱቦው ላይ አሳርፎ «ኧረ ይሄ ብረት ሞቋል» ይል ነበር። እኛ ግን መለኪያ ያላለውን ነገር እጃችን ቢናገረውም አናምንም። ወንድሜ፣ የኛ ሰዎች ዕብደት ይህ ነው።

ኖቬምበር ላይ የከባዶቹ መስመሮች ጠፉ። ቀላሎቹን ጠዋት ስንለቅ መስመሮቹ አሉ፤ ከሰዓት ከባዶቹን ስንለቅ የሉም። አየሩ እንደሆነ መለኪያው ምንም አላለ። ድራጋን የአባባን ግንባር ሳመ። ሁላችንም እንደ ሕፃን ጮህን። አባባ ብቻ አልጮኸም። «ይደገም» አለ። ደገምነው። «ይደገም» አለ። ለመጨረሻ ጊዜ ደግመን ስናሳየው ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠና፣ «ሊንዴ፣ እናትሽ ይህን ሳታይ ቀረች» አለኝ። ፌብሩዋሪ ውስጥ በትልቁ አዳራሽ ቆሞ እንዲናገር ቀን ተቆረጠለት። እነዚያ ቡና ሊጠጡ ይወጡ የነበሩት ሁሉ እንመጣለን አሉ።

እኛ ዘንድ አባባ ራሱ የተከለው አንድ ሥርዓት አለ። ማንኛውም ግኝት ከቤት ከመውጣቱ በፊት ከሳሽ ይሾምበታል። የከሳሹ ሥራ ግኝቱን መግደል ነው፤ ሊገድለው ሞክሮ ካቃተው ያን ጊዜ ለዓለም ይነገራል። ከሳሹ በዕጣ ነው የሚወጣው። ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ። ድራጋን «ይደገም እንጂ፣ ልጁ አይደለች እንዴ!» ብሎ ነበር። አባባ ግን፣ «እሷማ ልጄ ስለሆነች አትራራልኝም» ብሎ ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ጃንዋሪ ላይ ሳንባው ተመርዞ ማስታመሚያ ቤት ገባ፤ ይህን አንተም ታውቃለህ። እኔ ከባዶቹን ብቻዬን መልቀቄን ቀጠልኩ። አባባ የለም፣ አክስት ሄርሚኔ የለችም፣ ማሞቂያውም ተነቅሎ ጥግ ተቀምጧል። መስመሮቹ ተመለሱ። መጀመሪያ የኔ ስህተት መሰለኝ። ወንበሩን ሳንቀሳቅስ ማሞቂያውን አየሁት። ሰካሁት፤ ብዙም ሳይቆይ መስመሮቹ ጠፉ። ነቀልኩት፤ ቱቦው ሲቀዘቅዝ ተመለሱ። እዚያ ጫፍ ላይ ያለው የጎማ ቀለበት ሲሞቅ በጥቂት በጥቂቱ አየር ወደ ውስጥ ይተነፍስ ኖሯል። መለኪያው ደግሞ በወዲያኛው ጫፍ፣ ፓምፑ ሥር ነው ያለው፤ ፓምፑ እየመጠጠለት ምን ያያል? ቀላሎቹ ቅንጣቶች ፈጥነው ያልፋሉና አልጎዳቸውም። ከባዶቹ ቀርፋፋ ናቸው፤ መንገድ ላይ ይነካሉ። ያገኘነው አባባ ሠላሳ ዓመት የፈለገውን ወሰን አልነበረም፤ ያው ወሬኛ አየር ነበር።

ድራጋን ሲያይ ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ተይው ሊንዴ፣ በማርያም ተይው» አለኝ። «ሰውዬው የቀረው ጥቂት ነው። እውነት አይሻግትም፤ ከቀብሩ በኋላ እንናገራለን።» ሩፐርት፣ ልተወው ፈልጌ ነበር። ጎኑ ቁጭ ብዬ እጁን ይዤ፣ ጎሽ አባባ፣ አገኘኸው ብዬ ልሸኘው ፈልጌ ነበር። ግን የንግግሩ ቀን ቀርቦ ነበር። በተሽከርካሪ ወንበርም ቢሆን ወስዳችሁ አድርሱኝ እያለ ነበር። እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸት ይናገር? ወይስ እሱ አፈር ከገባ በኋላ እኛ ወጥተን «ተሳስቶ ነበር» እንበልና መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት «ኦትማርና ወሰኑ» እያሉ መቃብሩ ላይ ይሳቁ? ደግሞስ ከሳሽ ያደረገኝ እሱ አይደል? ብዋሸው ዓይኔን አይቶ ያውቅ ነበር። ቢያንስ እኔ ራሴን ያሳመንኩት እንዲህ ብዬ ነው።

እሑድ ከሰዓት ሄድኩ። ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ «የትኛው ጫፍ?» አለኝ። «ወንበርህ ያለበት» አልኩት። «ማሞቂያዋ?» አለ። አዎ አልኩት። «ሠላሳ ዓመት ለፍቼ፣ ለፍቼ ያገኘሁት የእኅቴን ማሞቂያ ነው?» ብሎ መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ ለቅሶ ሆነ። እማማ ስትሞት እንኳ ሲያለቅስ አላየሁትም ነበር ሩፐርት። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ፊቱን በእጄ ስጠርግለት እጄን ያዘና የተመለሱትን መስመሮች አሳዪኝ አለኝ። ስልኬ ላይ ነበሩ። ዓይኑ ሥር አስጠግቶ አያቸው። «በዚህ ክብደትም?» አለ። «በዚህም» አልኩት። «ያምራሉ» አለኝ። «እንግዲህ ወሰኔ እዚህ የለም። እናንተ ራቅ አድርጋችሁ ፈልጉት።»

ቀጥሎ ያለኝን ልብ ብለህ አንብብልኝ። «ሄርሚኔ ይህን አትስማ» አለኝ። «እናታችንን አስታማ ቀበረች። ባሏን አስታማ ቀበረች። አሁን እኔን ይዛለች። ሰው ማሞቅ ነው የምታውቀው። በሞቴ ላይ ይህን ጨምራ እንድትሸከም አልፈልግም። ሆድሽ ይፍጀው።» ማይልኝ አለኝ። ማልኩለት።

አክስት ሄርሚኔ የሾርባ ዕቃዋን ታቅፋ የገባችው ገና እንባው ሳይደርቅ ነው። እሱን አየች፣ እኔን አየች። «ምን አደረግሽው?» አለችኝ። አፌን ከመክፈቴ በፊት አባባ ቀደመኝ። «ሂሳቤ ተሳስቶ ነበር ሄርሚ። ትልቅ ስህተት። ሊንዴ አገኘችው፤ ንግግሩ ቀርቷል» አላት። ሾርባውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ፣ «ለዚህ ነው የታመመ ሰው የምታስለቅሺው? ሂሳቡ ከሞተ በኋላ አይደርስም ነበር? ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ አንቺ!» አለችኝ። ድራጋን ያለኝም እኮ ይህንኑ ነበር። ኮቴን ይዤ ወጣሁ።

ልዋሽህ አልፈልግም። ከዚያ ወዲያ አባባ ብዙ አልተናገረም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የአክስት ሄርሚኔን ሾርባ አልቀምስም አለ። አንድ ጊዜ ብቻ «ቱቦው ደህና ነው?» ብሎኛል። ሳምንት ሳይሞላው አረፈ። ባልነግረው ኖሮ ሌላ ወር ይቆይ ነበር? እየሳቀ ይሞት ነበር? አላውቅም። በየቀኑ ራሴን እጠይቃለሁ፤ በየቀኑ ሌላ መልስ አገኛለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ይሄኛው እያደር ይደፈርስብኛል። አንተ ገድለሽዋል ብትለኝ አልከራከርህም።

የቀብሩን ዕለት አልነበርክም፤ መድረስ አትችልም ነበርና አልወቅስህም። ከመቃብሩ ተመልሰን በግቢው በር አጠገብ ያለው ምግብ ቤት ገባን። ቅቅል ሥጋውና ድንቹ ቀርቦ ሰው መብላት ሲጀምር አክስት ሄርሚኔ ብርጭቆዋን ይዛ ተነሳች። ለነፍሱ ልትጸልይ መስሎን ሹካችንን አስቀመጥን። እሷ ግን ጣቷን ወደ እኔ ቀስራ፣ «ይቺ ልጅ አባቷን በምላሷ ገደለችው። የሠላሳ ዓመት ልፋቱን በአልጋው ላይ ቀማችው» አለች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «እኔ መሃይም ነኝ። እነሱ የሚሉት ነገር አይገባኝም። ግን ቢያንስ እኔ ብርድ እንዳይመታው አድርጌያለሁ። እነሱ በዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሲያቀዘቅዙት ያሞቅሁት እኔ ነኝ። ለወንድሜ ያደረግሁለት ይህ አንድ ነገር አለኝ» አለች።

ድራጋን አጠገቤ ነበር። ፊቱ ቀላ፤ ሊናገር አፉን ከፈተ። በጠረጴዛው ሥር እግሩን በተረከዜ ረገጥኩት። ረግጬም አልተውኩት፤ እስክትቀመጥ ድረስ እንደረገጥኩት ቆየሁ። ሰዎቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። የአባባ የድሮ ተማሪዎች እንኳ ሲወጡ ጨብጠውኝ አልሄዱም።

ይኸው ነው ዝምታዬ። ግኝቱን የሚሽረውን ማስታወቂያ እኔና ድራጋን ጽፈናል፤ «ካልታሰበ የሙቀት ምንጭ የተነሳ» ነው የሚለው። አክስት ሄርሚኔ እንዲህ ያለ ነገር አታነብም። አንዳንድ ቀን ግን፣ እንዳትታዘበኝ፣ ቤቷ ድረስ ሄጄ በሩን በርግጄ ልነግራት ያምረኛል። ገበያ ላይ ሳገኛት መንገድ ስትሻገርብኝ፣ ጎረቤቶቿ ሲጠቋቆሙብኝ ደሜ ይፈላል። ቅዱስ አይደለሁም ሩፐርት። ባለፈው ማክሰኞ በሯ ድረስ ሄጄ ደወሉ ላይ ጣቴን አሳርፌ ነበር። ከውስጥ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ተሰማኝ። ተመለስኩ።

አሁን የምለምንህ ነገር አለ። ጁን ላይ ስትመጣ አክስት ሄርሚኔ ምሳ መጥራቷ አይቀርም፤ እኔን ማንሳቷም አይቀርም። እንዳትከራከራት። እንዳታስረዳት። አንተ ከልጅነትህ ፊትህ የማይዋሽ ሰው ነህና የምፈራው እሱን ነው። ስለ ማሞቂያው ስታወራልህ እጇን ሳምና አመስግናት። ለደብዳቤዋ መልስ ስትጽፍላት ደግሞ፣ እኅቴን ጠየቅኋት፣ ምንም መልስ አልነበራትም፣ እኔም አዝኜባታለሁ በላት። እንዲህ ካልጻፍክላት ነገሩን መመርመር ትጀምራለች። እኔ እችለዋለሁ። እሷ ግን ብታውቅ አንድ ቀን አታድርም።

ኢስሜኒያን አደራ ሳምልኝ፤ ይህን ለእሷም ብትነግራት ቅር አይለኝም፣ ምሥጢር ጠባቂ ናት። ለታዴኦ አያቱ ባርኔጣውን ለእሱ እንዳስቀረለት ንገረው፤ ስትመጣ ትወስድለታለህ። ሩትን ሁለት ጉንጯን ሳምልኝ፤ ጥርሷ ወለቀ ብለኸኛል፣ አክስቷ አዲሱ ሳይበቅል ፎቶዋን ትፈልጋለች። ድራጋንም ሰላም ብሎሃል። አባባን አፈር ይቅለለው። አንተም ስልኬን ባታነሳም ደህና ሁንልኝ። ጁን ላይ በሰው ፊት ፊትህን ብትነሳኝ አልቀየምህም፤ እሷ እያየችን እንደውም ንሳኝ። ብቻ እሷ ቤት ከመግባታችን በፊት፣ ገና ባቡር ጣቢያው ላይ ሳለን፣ አንዴ ጥብቅ አድርገህ እቀፈኝ።

እኅትህ ሊንዴ
ቪየና፣ ማርች 17 ቀን 2019